የመለሰ ይምታ

በግራ ጆሮዬ አልሰማም። ሰው በግራዬ ተቀምጦ ሲያወራኝ ዞር ብዬ በቀኙ እቀበለዋለሁ። የማያውቁኝ ኩራት ይመስላቸዋል፤ የሚያውቁኝ ደግሞ አይጠይቁኝም። ዛሬ ራሴ ልናገረው። ጆሮዬን ያጣሁት በአንድ ማክሰኞ ቀን፣ በገዛ ክፍሌ ውስጥ፣ በገዛ ተማሪዬ እጅ ነው። ይህን ስል ልጁን መክሰሴ እንዳይመስላችሁ። እስከ መጨረሻው ከቆያችሁ ማንን እንደምከስ ታውቃላችሁ።

ያኔ የሂሳብ መምህር ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። ከዲማ ወዲህ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን ሳስተምር ስምንተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም። ቁጡ ነበርኩ። ለቁጣዬ ግን ሥርዓት አበጅቼለት ስለነበር ራሴን ቁጡ ብዬ አልጠራም ነበር። ተማሪ መምታት ከተከለከለ ወዲህ አርጩሜ ይዤ ክፍል ገብቼ አላውቅም። ባልደረቦቼ ሱፐርቫይዘር በመጣ ቁጥር አርጩሜያቸውን በር ጀርባ ሲወሽቁ እኔ እስቅባቸው ነበር። እኔ የማልመታ መምህር ነበርኩ። የሚመቱት ተማሪዎቹ ነበሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥያቄ እወረውራለሁ። "ስንት ነው? ቶሎ በል!" እላለሁ። የሳተ ይቆማል። ጥያቄው ወደ ሌላ ልጅ ያልፋል፤ የመለሰው ሄዶ የቆመውን በጥፊ ይመታዋል። ቀስ አድርጎ የመታ እንደሆነ "ይኼ ምን ምት ነው? እንደገና!" እለዋለሁ። አሁንም ቀስ ካደረገ እሱ ራሱ ተመቺ ሆኖ ይቆማል። ሕጉ ይኸው ነው፤ የመለሰ ይምታ። እኔ አልፈጠርኩትም። ልጅ ሆኜ ተመትቼበታለሁ፣ መትቼበታለሁም። ከእናንተም የብዙዎቻችሁ ጉንጭ ያስታውሰዋል። እኔ የጨመርኩለት ስም ብቻ ነው። በየዓመቱ በምንሞላው የሙያ ማሻሻያ ዕቅድ ላይ "የተማሪዎችን ንቁ ተሳትፎ ማሳደግ" ብዬ ጻፍኩት። እውነትም አድጎ ነበር። ጥያቄ ስጠይቅ አርባ እጅ ባንድ ጊዜ ይወጣል። ላለመመታት የሚያወጡት እጅ መሆኑን በቅጹ ላይ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

እንግዳ ሲኖር ሕጉን አለሳልሰዋለሁ። ልጆቹ በሁለት ጣት ጉንጭ ነካ አድርገው እንዲመለሱ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ሱፐርቫይዘሩ አንድ ቀን ይህንን አይቶ ከት ብሎ ሳቀ፤ ጨዋታ መሰለው። "እንዲህ ያለ የእጅ ብዛት በየትኛውም ትምህርት ቤት አላየሁም" አለኝ። ወዲያው ምርጥ ተሞክሮ ተባልኩ። በአካባቢው ካሉ አምስት ትምህርት ቤቶች የሚመጡ መምህራን ተቀምጠው የሚያዩት ማሳያ ትምህርት እንዳቀርብ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ለመሪ መምህርነት ያስገባሁት ማመልከቻ እንደሚያልፍልኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ለሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም።

አሁን ሁለት ልጆች ላስተዋውቃችሁ። ባንቺአምላክ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ከክፍሉ ሁሉ የምትልቅ በሂሳብ። ጥጋቡ አሥራ ስድስት ሞልቶታል። ትምህርት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ እርሻ ላይ ስለከረመ ትከሻው የሞላ ጎረምሳ ነው፤ በሂሳብ ግን ከሁሉም ኋላ። ከሁለት ዓመት በፊት በእርሻ ወሰን ጠብ የባንቺአምላክ አጎት የጥጋቡን አባት ተኩሶ ገድሎታል። ገዳዩ ከአገር ጠፋ፤ ዘመዶቹ ቀሩ። ሽማግሌዎችና ቄሶች ብዙ ወር ለምነው ሁለቱን ቤቶች በቤተ ክርስቲያን ደጅ አስታረቁ። የእርቁ ቃል ግልጽ ነበር፤ ከሁለቱ ቤት ማንም በማንም ላይ እጁን ካነሳ፣ ደምም ከፈሰሰ፣ እርቁ ፈራሽ ነው። ዳይሬክተራችን እትዬ አልጋነሽ ያኔ ቢሮዋ ጠርታኝ "እነዚህን ሁለት ልጆች አንድ ቡድን ውስጥ እንዳታስገባቸው። አደራህን ጠብቅ" ብላኛለች። አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቅኩት።

ለማሳያው ግን ሱፐርቫይዘሩ የሰጠኝ መመዘኛ "ጎበዝና ደካማ ተማሪዎች የተቀላቀሉበት ቡድን" ይላል። ከሁሉም ጎበዟን ከሁሉም ደካማው ጋር አስቀመጥኳት። ረሳሁት ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልረሳሁም። ለአርባ ደቂቃ ምን ይመጣል ብዬ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሃያ ያህል መምህራን ከክፍሉ ጀርባ በአግዳሚ ተደርድረው ተቀመጡ። ሱፐርቫይዘሩ የምልከታ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። እትዬ አልጋነሽ ለእንግዶች ሻይና ዳቦ ልታሰናዳ ወጥታለች። እኔ የታጠበ ጋዋን ለብሻለሁ፤ ጫማዬን ሁለት ጊዜ ቀብቻለሁ። ርዕሱ የነጌቲቭ ቁጥሮች መቀነስ ነበር። ሃያ ደቂቃ ሁሉም ሰመረ። እጆች ይወጣሉ፣ የሳተው ይቆማል፣ የመለሰው በሁለት ጣት ነካ አድርጎት ይመለሳል፣ እንግዶቹ ይስቃሉ።

"ጥጋቡ! ነጌቲቭ ሰባት ሲቀነስ ነጌቲቭ ሦስት። ስንት ነው? ቶሎ በል!"

ጥጋቡ ተነሳ። አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣውም።

"ስንት ነው?"

ዓይኑን ሰሌዳው ላይ ተከለ።

"ከቡድኑ ማን ያድነዋል?"

አንዲት እጅ ወጣች። ባንቺአምላክ እጇን ያወጣችው ለምዶባት ነው፤ ማን እንደቆመ ያየችው ካወጣች በኋላ ነው። "ነጌቲቭ አራት" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ጎበዝ! ሕጉን ታውቂዋለሽ።"

አልተንቀሳቀሰችም። "ቲቸር፣ ይቅርብኝ።"

"ምን ማለት ነው ይቅርብኝ?"

"ሌላ ሰው ይምታልኝ። በማርያም።"

ከኋላ አንድ እንግዳ ሳቀ። ሱፐርቫይዘሩ ብዕሩን አቁሞ ቀና አለ። የሦስት ሳምንት ድካሜ በአንዲት ልጅ እምቢታ ሲበላሽ ታየኝና ደሜ ፈላ። "ሕግ ሕግ ነው! ምቺው!" አልኳት። ጣቷን ዘረጋች፤ ጉንጩ ላይ መድረሷንም እንጃ። እንግዶች መኖራቸውን ረሳሁ። ከአፌ የወጣው የዘወትሩ ቃል ነው።

"ይኼ ምን ምት ነው? እንደገና!"

ባንቺአምላክ ዓይኗን ጨፈነችና እጇን ወረወረች። ዓይኗ ስለተጨፈነ መዳፏ ጉንጩን ስቶ አፍንጫው ላይ አረፈ። ደም ወዲያው ወረደ፤ በከንፈሩ አልፎ ደብተሩ ላይ ተንጠባጠበ። አርባው ልጅ ትንፋሹን ዋጠ። እነሱ የአገሩ ልጆች ናቸው፤ የሆነውን ያውቃሉ። ከእንግዶቹ የሚያውቅ አልነበረምና አጨበጨቡ። ጥጋቡ ደሙን በእጁ ነካው፣ አየው፣ ደብተሩን ትቶ ወጣ። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ትምህርቱን ጨረስኩ።

እትዬ አልጋነሽ በረንዳው ላይ ነገሩን ስትሰማ የያዘችው የሻይ ትሪ ከእጇ ወደቀ። "ማንን ከማን?" አለች። መለስኩላት። "ማንን ከማን አልኩህ እኮ!" ብላ ጮኸች፤ እንደማልደግምላት እያወቀች። ወዲያው ደወል አስደውላ ተማሪዎቹን በተነቻቸው። ባንቺአምላክ ግን መሄጃ አልነበራትም። የቤቷ መንገድ በጥጋቡ ቤት ደጅ ነው የሚያልፈው። ፖሊስ ያለበት ከተማ ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

አምስት ሰዓት አልፎ የመጀመሪያው ጥይት ሲጮህ እንግዶቹ ገና ዳቦ ይዘው ነበር። የጥጋቡ ታላቅ ወንድም ሞገስ ክላሹን ይዞ በግቢው በር ገባ። መምህራኑ በኋላ አጥር ወደ ባሕር ዛፉ ፈረጠጡ፤ ሱፐርቫይዘሩ አንድ ጫማውን ጥሎ። እኔና እትዬ አልጋነሽ ባንቺአምላክን ጎትተን ክፍሌ ገባንና በሩን በዴስክ ዘጋነው።

"ልጅቷን አውጡ!" አለ ሞገስ ከውጭ። "ሌላ ሰው ላይ ጠብ የለኝም!"

"ሞገስ፣ በእመብርሃን! ሽማግሌ እስኪመጣ ታገስ!" አለች እትዬ አልጋነሽ።

"ሽማግሌ? ሽማግሌ እጅ እንዳታነሱ አለን፤ እኛ አላነሳንም። የአባቴ ገዳይ ዘር በሰው ፊት ወንድሜን በጥፊ መትታ ይጨበጨብላታል? ተጨብጭቦላታል አሉ!"

ሁለተኛው ጥይት የጣሪያውን ቆርቆሮ ቀዶ አለፈ። ሦስተኛው የበሩን ሳንቃ በስቶ ሰሌዳው ላይ ተሰካ፤ የጭቃው ግድግዳ አቧራ ራሳችን ላይ ረገፈ። እኔ የት ነበርኩ? ጠረጴዛ ሥር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ፤ አላፍርም ብላችሁ ውሸት ነው። ልጅቷ ግን ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም።

"ቲቸር" አለችኝ፣ "እኔ ልውጣለት። እኔን ካገኘ ሌላ ሰው አይሞትም።"

ሂሳብ ነው የሠራችው። እኔው ነኝ ያስተማርኳት።

እትዬ አልጋነሽ ነጠላዋን አደገደገችና በሩን ከፍታ ወጣች። ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ በተከፈተው በር አየኋት። እግሩ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ሞገስ በክላሹ ሰደፍ ትከሻዋን መታት። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት፤ ያኔ ሁለቱም ጆሮዬ ይሰማ ነበር። አፈር ላይ ወደቀችና "ልጅ ናት! ልጅ ናት!" እያለች ጮኸች። ባንቺአምላክ ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። ቀሚሷን ያዝኳት። እንዴት ከጠረጴዛው ሥር እንደወጣሁ አላውቅም፤ ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። እሷ ቀድማኝ ከወጣች ከዚያ በኋላ መኖር እንደማልችል ስለገባኝ ነው።

ወጣሁ። ሞገስ አቀባብሎ ጠበቀኝ። ጥጋቡ ከጎኑ ቆሟል፤ ደሙ ከንፈሩ ላይ ደርቋል። ምስክር እንዲሆን ወንድሙ እንዳትታጠብ ብሎታል።

"መምህር፣ ከመንገዴ ውጣ። አንተ ላይ ምንም የለኝም።"

"አለህ እንጂ። ወንድምህን ያስመታሁት እኔ ነኝ።"

"እጁ የእሷ ነው።"

"እምቢ ብላኝ ነበር። በማርያም ለምናኛለች። ወንድምህን ጠይቀው።"

ሞገስ አፈሙዙን ከደረቴ ሳያነሳ ዞረ። "እውነት ነው?"

ጥጋቡ "እውነት ነው አያ" አለ። "ሁሌም እሱ ነው የሚያስመታን።"

"ሁሌም ማለት?"

"በየቀኑ። ሂሳብ ባለበት ቀን ሁሉ።"

"አንተን?"

"እኔን ይበልጣል። ስለማልመልስ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ሰነፍ ነህ እንዳትለኝ።"

ሞገስ ወንድሙን ከራስ እስከ እግሩ አየው። መሣሪያው ቀስ እያለ ዝቅ ሲል አየሁ። ልቤ ሊመለስ ሲል እንዲህ አለኝ፤ "ደህና። ደሙ የአንተ ከሆነ ከአንተ ይውጣ። ግባ። ወንድሜን ካስመታህበት ላይ ቁም።"

ገባሁ። ሞገስ ባንቺአምላክን ጥግ አስይዞ ክላሹን ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ። በመስኮቱ የመንደሩ ሰው ፊቱን ደርድሯል፤ የመጡት ሁለት ሽማግሌዎችም ከልጅቷ ሞት ይህ ይሻላል ብለው ነው መሰል ዝም አሉ። ሞገስ ከክላሹ ጋር ይዞት የመጣውን ሽመል ለወንድሙ አቀበለው። ጥጋቡ መጀመሪያ ሽመሉን ግድግዳ አስደግፎ በጥፊ መታኝ። ቀስ ያለች ጥፊ ነበረች።

"ምን ትነካካዋለህ? ምታው እንጂ!" አለ ሞገስ።

ቃሉን አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ ስለው የኖርኩት።

ሁለተኛው ጥፊ ከንፈሬን ሰነጠቀው። ደም ወጣ። "ደሙ ወጣ፤ ይበቃል!" አሉ ከመስኮቱ አንድ ሽማግሌ። በቃሉ መሠረት ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ጥጋቡ ግን ሽመሉን አነሳ። ወንድሙ የጠየቀውን ደም ትቶታል፤ ገዳይና ተገዳይ ከራሱ ጠፍተዋል። ዓይኑ እኔን ብቻ ነው የሚያየው።

"ስንት ነው?" አለኝ።

ትከሻዬን መታኝ። "ስንት ነው? ቶሎ በል!" ጉልበቴን መታኝ፤ ተንበረከክሁ። "ስንት ነው!" ፊቴን ለመከለል ያነሳሁት የእጄ አንጓ ሲሰበር ተሰማኝ። "ይኼ ምን ምት ነው? እንደገና!" ብሎ በራሱ ላይ ጮኸና ግራ ጆሮዬ ላይ አሳረፈው። ከዚያ በኋላ የዓለም ግማሹ ድምፅ አልባ ሆነ። በቀረኝ ጆሮ የሰማሁት ግን ያው አንድ ቃል ነው፤ ስንት ነው፣ ስንት ነው። መልስ አልፈለገም። እኔም ስጠይቀው መልስ ፈልጌ አላውቅም ነበር።

ያስጣለኝ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሊገድል የመጣው ሞገስ። ክላሹን መሬት ጥሎ ወንድሙን ከኋላ አቀፈው። "በቃህ! በቃህ ወንድሜ! ትገድለዋለህ!" ይል ነበር። ጥጋቡ ሽመሉን ለቀቀና ትከሻው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሞገስ በወንድሙ ጀርባ ላይ አሻግሮ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ፈርቶ ነበር። "ምን አድርገኸው ነው?" አለኝ። ባንቺአምላክ ነጠላዋን አጣጥፋ ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ።

በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አደረሱን፤ እኔንና እትዬ አልጋነሽን ጎን ለጎን። ደብረ ማርቆስ ሐኪሙ ጆሮዬን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ፖሊስ ቃሌን ሲጠይቀኝ ከሳሽ አይደለሁም አልኩ። ከወር በኋላ ሽማግሌዎቹ እርቁን ሲያድሱ እኔንም ጠሩኝ፤ በሁለቱ ቤቶች ፊት ድንጋይ አንገቴ ላይ ተሸክሜ ይቅርታ እንድለምን ፈረዱብኝ። ድንጋዩን የያዝኩት በአንድ እጄ ነው። እትዬ አልጋነሽ ትከሻዋን እንደታሰረች ቆማ አየችኝ። ነግሬህ ነበር አላለችኝም፤ እስከ ዛሬም አላለችኝም። ለሞገስ ግን ለሰደፉ የሚገባውን ሁሉ ነግራዋለች፤ እሷም እግሯ ላይ ወድቆ ከለመናት በኋላ ነው ይቅር ያለችው።

ክፍሌ ስመለስ ሱፐርቫይዘሩ ሲሸሽ ጥሎት የሄደው የምልከታ ቅጽ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። "የተማሪ ተሳትፎ" በሚለው አንጻር "እጅግ ከፍተኛ" ብሎ ጽፏል። የመሪ መምህርነት ማመልከቻዬን አስመለስኩ። ቅጹን ግን አልቀደድኩትም። ዛሬ ለአዳዲስ መምህራን ሥልጠና ስሰጥ መጀመሪያ የማሳያቸው እሱን ነው።

አንባቢዬ፣ መምህር ከሆንክ አንድ ነገር ልለምንህ። አርጩሜህን ስለጣልክ እጅህ የታጠበ አይምሰልህ። ልጅን በልጅ ማስመታት፣ በሳቅ ማስመታት፣ በጭብጨባ ማስመታት አለ። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ልጅ በእጄ ሳልነካ ክፍል ሙሉ ሕፃን ደብድቤያለሁ። በዕቅድ፣ በቅጽ፣ በፊርማ።

ጥጋቡን በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ያመጣው ሞገስ ነው። በሩ ላይ ቆሞ "ይኸው። ብትነካው..." ብሎ ሳይጨርስ ሄደ። ባንቺአምላክ በዚያን ጊዜ ተመልሳለች፤ እጇን ግን አታወጣም። ያ አርባ እጅ የሚወጣበት ክፍል ወራት ሙሉ አንድ እጅ አልወጣበትም። አልጠየቅኩም፤ ጠበቅኩ። በጥጋቡ አጠገብ ሳልፍ አንገቱን ይቀብራል። ያላየሁት መስዬ አልፈዋለሁ።

አንድ ቀን ያችኑ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ነጌቲቭ ሰባት ሲቀነስ ነጌቲቭ ሦስት። ማንንም አልጠራሁም። ጀርባዬን ሰጥቼ ቾክ ሳነሳ ቆየሁና ዞርኩ። ጥጋቡ እጁን አወጣ።

እኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ያችን ከፍ ያለች እጅ ሳይ ክንዴ ራሱ ተነስቶ ፊቴን ከለለ። አርባ ተማሪ አየኝ። አንድም የሳቀ የለም። ጥጋቡም እጁን አላወረደም። ክንዴን ቀስ ብዬ አወረድኩና "እሺ ጥጋቡ" አልኩት።

"ነጌቲቭ አሥር" አለ።

ስቶታል። ልጆቹ ዘወር ዘወር ብለው እኔን አዩ። ባንቺአምላክ ሁለት እጇን ጭኗ ሥር ከተተች።

በደህናው ጆሮዬ ወደ እሱ ዞርኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ተማሪ ጠይቄው የማላውቀውን ነገር ጠየቅኩት።

"እንዴት አድርገህ ደረስክበት? አስረዳኝ።"

ጥጋቡ ተነስቶ ወደ ሰሌዳው መጣ። ቾኩን ሰጠሁትና ከሰሌዳው ፊት ዞር አልኩለት።